አሥር ምጣድ ቢጣድም አንዷ እንጀራ ቶሎ አትበስልም፦ የሲሞር ክሬይ ሕይወት ለእኛ ምን ይላል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የኮምፒውተር መሐንዲስ ሕይወት ነው። ነገሩን ግን ከእማዬ ስልክ ልጀምር።

እሑድ እሑድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እደውላለሁ። እማዬ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ መልሴ እስኪደርስ ግን ዝም ያልኩ ይመስላትና ሌላ ወሬ ትጀምራለች። ሁለታችንም እኩል እንናገራለን፣ ከዚያ ሁለታችንም እኩል ዝም እንላለን። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ፈጣን የተባለውን የኢንተርኔት መስመር እንዲያስገባ ገንዘብ ላክሁለት። መስመሩ ገባ። የእማዬ ፊት ጥርት ብሎ መታየት ጀመረ፤ ከኋላዋ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ እንኳ አልቀረም። መደራረባችን ግን እንደነበረው ሆነ። ወንድሜ ተበላን ብሎ ተናደደ። እኔ የዕለት ሥራዬ ከፕሮሰሰር ጋር ስለሆነ ማንም እንዳልበላን አውቄአለሁ። የገዛነው ስፋት ነበር፤ የጎደለን ደግሞ ቅርበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እንጀራ ምጣድ ላይ ፈሶ እስኪወጣ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። እንግዳ በዛ ተብሎ አሥር ምጣድ ቢጣድ በሦስት ደቂቃ አሥር እንጀራ ይወጣል። ብዛቱ በአሥር እጥፍ አደገ ማለት ነው። የራበው ሰው ግን የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማግኘት ያችኑ ሦስት ደቂቃ መጠበቁ አይቀርም። በእኛ ሙያ በተወሰነ ጊዜ የሚወጣው ብዛት ባንድዊድዝ ይባላል፤ የመጀመሪያዋን ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ደግሞ ሌተንሲ። ምጣድ በገንዘብ ይገዛል። ሦስቱን ደቂቃ ግን ማንም አይሸጥላችሁም።

በስልኩም ያው ነው። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ የሚሄደው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ድምፄ ሄዶ መልሷ እስኪመጣ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቢሆን እንኳ፣ ከ110 ሚሊ ሰከንድ በታች አይሆንም። ገመዱ ደግሞ በየባሕሩ እየዞረ፣ በየጣቢያው እየቆመ ነው የሚሄደው።

ይህን ተራ የሚመስል ልዩነት የሕይወቱ ሥራ ያደረገ አንድ ሰው ነበር፤ ሲሞር ክሬይ ይባላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዓለምን ፈጣን ኮምፒውተሮች ሲሠራ ኖሮ፣ በመጨረሻ ኩባንያው ከስሮ ሞተ። በዚሁ ሙያ የሚማሩ ልጆቻችን የዛሬዎቹን የቺፕ ኩባንያ ባለቤቶች ስም እንደ ኳስ ተጫዋች ይደረድሩታል፤ ክሬይን ግን አያውቁትም። ስለዚህ ላውጋችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ክሬይ የተወለደው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1925 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቺፕዋ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። ልጁ ገና በአሥር ዓመቱ ገደማ፣ ከመጫወቻ የብረት ቁርጥራጮች፣ የተበሳ የወረቀት ጥብጣብ እያነበበ ወደ ሞርስ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ ሠራ። ወላጆቹም የቤታቸውን ምድር ቤት ለሙከራው ለቀቁለት። በ1943 ሃይስኩል እንደጨረሰ ለጦርነቱ ተመለመለ። አውሮፓ ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነ፤ ቀጥሎ ወደ ፓሲፊክ ሄዶ የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክቶች በሚፈታው ሥራ ላይ ተሰማራ። ከጦርነቱ በኋላ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1949 በኤሌክትሪክ ምህንድስና፣ በ1951 ደግሞ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

ሥራ የጀመረው ሴንት ፖል ውስጥ ኢንጂነሪንግ ሪሰርች አሶሺየትስ በተባለ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ተሸጦ ወደ ትልቅ ኩባንያ ሲቀላቀል ቢሮክራሲው መረራቸውና ዊልያም ኖሪስና ጓደኞቹ በ1957 ኮንትሮል ዳታ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። ክሬይም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። እዚያ የነደፈው 1604 የተሰኘው ማሽን በ1960 ለደንበኛ ሲደርስ በቫኪዩም ቱቦ ፋንታ በትራንዚስተር የሚሠራ ነበር።

ይህ ሰው ስብሰባና ሪፖርት አይወድም። ጎብኚና የስልክ ጥሪ ከሥራ አስተጓጎለኝ ብሎ ኖሪስን አሳመነውና፣ ከዋናው ቢሮ ርቆ በተወለደባት ቺፕዋ ፎልስ፣ ከቤቱ አጠገብ ላቦራቶሪ ተሠራለት። የእኛ ሰው ቢሆን ኩራት ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ስገምተው፣ ከሐሳቡ እስከ እጁ ያለውን መንገድ ማሳጠሩ ነበር።

ከዚያ ላቦራቶሪ በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምጣዱን የምታዩት እዚህ ነውና። ፕሮሰሰሩ በየ100 ናኖ ሰከንዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሜሞሪው ግን አንድ ጊዜ ተጠይቆ ለሚቀጥለው ጥያቄ እስኪዘጋጅ 1,000 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። አንዱ እየሮጠ ሌላው እያዘገመ እንዴት አብረው ይሥሩ? ክሬይ ሜሞሪውን 32 ቦታ ከፋፈለው። አንዱ ክፍል ገና እየሠራ ሳለ ጥያቄው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። እያንዳንዱ ምጣድ የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ ተራው በደንብ ከተያዘ ግን በየ100 ናኖ ሰከንዱ አንድ እንጀራ ይወጣል።

ሁለተኛው ብልሃት ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ የንባብና የኅትመቱን ጣጣ የሚሸከሙለት አሥር ረዳት ፕሮሰሰሮች ነበሩት። ለፕሮግራም ጸሐፊው አሥር ሆነው ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሜሞሪ አላቸው። የሚያሰላላቸው ክፍል ግን አንድ ብቻ ነው፤ በየ100 ናኖ ሰከንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። አሥሩን አዳርሶ ሲመለስ በትክክል 1,000 ናኖ ሰከንድ አልፏል፤ የመጀመሪያውም ሜሞሪ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዲት ጎበዝ ሴት አሥር ምጣድ ጥዳ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረች ስትጋግር አስቡ። ጥበቃው አልጠፋም። ነገር ግን ቆሞ የሚጠብቅ የለም።

6600 ሲወጣ በዓለም ላይ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ለአምስት ዓመት ያህል ፈጣኑ ኮምፒውተር ሆኖ ቆየ። በ1965 አንዱ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ሰርን ውስጥ ተተከለ። የአይቢኤሙ አለቃ ቶማስ ዋትሰን ልጅ ነገሩ ይፋ በሆነበት በ1963 ለራሱ ኃላፊዎች የጻፈው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነሳል። የጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር 34 ሰው ብቻ ያለው ላቦራቶሪ፣ ያን ሁሉ ሠራዊት የያዘውን አይቢኤምን እንዴት ቀደመው ብሎ ነበር የጠየቀው። መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በአይቢኤም በኩል ሰው ሞልቷል፤ አንድ ውሳኔ ግን ስንት ደጅ ይጠናል?

ቀጥሎ 7600 መጣ፤ እሱም ድል ነበር። ሦስተኛው፣ 8600 የተባለው፣ በሙቀትና በብልሽት ተተበተበ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ክሬይም በ1972 ወጥቶ ክሬይ ሪሰርች የሚል የራሱን ቤት ከፈተ። ኖሪስ ቂም አልያዘበትም፤ ኮንትሮል ዳታ ለአዲሱ ኩባንያ መነሻ ገንዘብ አዋጥቷል። እንዲህ ያለ መለያየት በእኛ ማኅበራትም ቢለመድ ምን ነበረበት!

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ ገባን። ኮንትሮል ዳታ ውስጥ የቀረው ቡድን፣ የክሬይ የቀድሞ ባልደረባ ጄምስ ቶርንተን የነደፈውን ስታር-100 በ1974 አወጣ። ይህ ማሽን ረጅም የቁጥር ዝርዝሮችን፣ ቬክተር የሚባሉትን፣ በአንድ ትእዛዝ የሚያሰላ ነው። ቁጥሮቹን በቀጥታ ከሜሞሪ እየቀዳ፣ እያሰላ፣ ውጤቱን መልሶ ሜሞሪ ውስጥ ይደፋል። አንዴ ከተነሳ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው። እስኪነሳ ድረስ ግን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ረጅም ጊዜ ይጠበቃል። ዝርዝሩ ብዙ ሺህ ቁጥር ካለው ጥበቃው ይካሳል። የሳይንቲስቶቹ ፕሮግራም ግን አብዛኛው አጫጭር ዝርዝር፣ በመሐልም አንድ በአንድ የሚሰላ ነበር። ወረቀት ላይ ግሩም የነበረው ማሽን ሥራ ላይ ሲውል አሳፈረ።

ክሬይ ይህን አይቷል። በ1976 ሎስ አላሞስ የደረሰው ክሬይ-1 ከፕሮሰሰሩ ሥር ስምንት ማስቀመጫዎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው 64 ቁጥር ይይዛሉ። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከሜሞሪ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ መደመሩም ማባዛቱም እዚያው ቅርብ ይሆናል። በየጭልፋው ጎረቤት ቤት እየተመላለሱ ሊጥ ከመቅዳት ቡሃቃውን ምጣዱ አጠገብ ማስቀመጥ ማለት ነው። ደግሞም ከማባዣው የወጣው የመጀመሪያ ቁጥር 64ቱ እስኪያልቁ ሳይጠብቅ ወደ መደመሪያው ያልፋል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ ወጥ ማውጣቱ እንደሚጀመር ሁሉ። አንድ በአንድ በሚሰላው ሥራ ላይም ማሽኑ ፈጣን ነበር። ስታር-100 የወደቀው እዚያ ላይ እንደሆነ ክሬይ ገብቶታል።

ከዚያ የሽቦው ነገር አለ። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚሄደው 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሽቦ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የክሬይ-1 አንድ እርምጃ 12.5 ናኖ ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ርቀት ማለት ጊዜ ነው፤ አንድ ክንድ ሽቦ የሚያስከፍለው አለ። ማሽኑ ከላይ ሲታይ ክፍት ቀለበት የመሰለው ለውበት ብቻ አይደለም፤ በውስጠኛው በኩል ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ነው። ከ1.2 ሜትር የሚረዝም ሽቦ አልነበረም። በጠቅላላው ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሽቦ እያንዳንዱ በልክ ተቆርጦ፣ በቺፕዋ ፎልስ ሴቶች እጅ ተገጥሟል። ርዝመቱ ሲሳሳት ምልክቱ ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ይደርሳል። የክሬይን ስም ሁሉም ይጠራል፤ የእነዚያን ሴቶች ስም ግን ማን ያነሳል? አምስት ቶን የሚመዝነውና 115 ኪሎ ዋት የሚበላው ያ ማሽን ከ80 በላይ ተሸጧል።

ሰውየውን መልአክ ላድርገው አልፈልግም። ክሬይ-2 በ1985 ሲወጣ እርምጃው ወደ 4.1 ናኖ ሰከንድ ወርዷል፤ ማሽኑ ሙቀቱን እንዲቋቋም በማይጎዳ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ተነክሯል። ሜሞሪው ከመጀመሪያው ክሬይ-1 በ256 እጥፍ በልጧል። ይህን ያህል ለማስፋት ግን ርካሽና ዘገምተኛ የሜሞሪ ቺፕ መጠቀም ነበረበት። ፕሮሰሰሩ በሦስት እጥፍ ፈጠነ፣ ሜሞሪው ዘገየ፤ ቀድሞ አሥራ አንድ እርምጃ የነበረው ጥበቃ ብዙ እጥፍ ሆነ። ትልቅ ሜሞሪ ለሚፈልጉ ሥራዎች ተአምር ነበር። በሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ግን እዚያው ኩባንያ ውስጥ የስቲቭ ቼን ቡድን ከሠራው ኤክስ-ኤምፒ ብዙም ብልጫ አላሳየም። ሌተንሲን ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው ሰው በሌተንሲ ተሸነፈ።

በዚያው ዘመን ብዙ ርካሽ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ አስሮ ማሠራት የሚል ሐሳብ መጣ። ክሬይ አልተቀበለውም። ለማረስ ሁለት ብርቱ በሬና 1,024 ዶሮ ቢቀርብላችሁ የቱን ትመርጣላችሁ ብሎ እንደተሳለቀ ይነገርለታል። ጥማድ በሬ ሲያርስ ያየ የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ነገር ግን እኛው ነን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውም። ዓለም ወደ ድሩ አደላ። ክሬይ በ1989 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄዶ በሲሊከን ፋንታ ጋሊየም አርሰናይድ በተባለ ውህድ ክሬይ-3ን ለመሥራት ታገለ። እርምጃው 2 ናኖ ሰከንድ ነበር። ለደንበኛ የደረሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ በማርች 1995 ኩባንያው ኪሳራውን አወጀ።

ሰባ ዓመት ሊሞላው የወራት ዕድሜ የቀረው ሰው እንዲህ ከሆነ በኋላ ምን ያደርጋል? ክሬይ አዲስ ኩባንያ አቋቋመ። የሚያስገርመው፣ ሲስቅባቸው የነበሩትን ብዙ ፕሮሰሰሮች የሚያሠራ ማሽን መንደፍ መጀመሩ ነው። ትኩረቱ ግን ያው የድሮው ነበር፤ ፕሮሰሰሮቹ እርስ በርስና ከሜሞሪ ጋር እንዴት ይገናኛሉ የሚለው። ዶሮዎቹን ተቀበለ፤ ሽቦውን ግን አልረሳም። ሥራው ሳያልቅ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996 የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ኦክቶበር 5 ቀን በ71 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ከ7 ሺህ በላይ ተራ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ያሰባሰበ ማሽን በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት በማለፍ የመጀመሪያው ሆነ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? በብዛት የሄዱበት አሸነፉ፤ አይካድም። ቁጥሩን ግን እዩት። ክሬይ-1 ከሜሞሪው በሰከንድ 640 ሚሊዮን ባይት መቅዳት ይችል ነበር፤ አንድ ቁጥር ጠይቆ ለማግኘት 140 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። ዛሬ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሸጡት ትላልቅ ቺፖች በሰከንድ ከ3 ትሪሊዮን ባይት በላይ ይቀዳሉ። ይህ ከ4 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። የአንዷ ቁጥር ጥበቃስ? በተራ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም 100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ በእነዚያ ትላልቅ ቺፖች ላይ ደግሞ ከክሬይ-1 እንኳ ይረዝማል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምጣድ ስንገዛ ኖርን፤ ሦስቱ ደቂቃ ግን ዞር አላለችም።

ስለዚህም የዛሬዎቹ ቺፖች የክሬይን ሦስት መድኃኒቶች እስካሁን ይወስዳሉ። ሜሞሪውን ከፕሮሰሰሩ ጎን አስጠግተው ይተክላሉ፤ ያ ሽቦ ማሳጠር ነው። በተደጋጋሚ የሚፈለገውን ከሥራቸው ያስቀምጣሉ፤ ያ ቡሃቃው ነው። አንዱ ሥራ መረጃ ሲጠብቅ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ያ አሥር ምጣድ የጣደችው ሴት ነች። አራተኛ መድኃኒት አላየሁም።

እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ የማወራው ለኮምፒውተር ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ባንድዊድዝ ገዝተን ሌተንሲ የሚፈታ የሚመስለን ነን። ለሀገር ቤት ሆስፒታል ኮንቴይነር ሙሉ መሣሪያ እንልካለን፤ አንዱ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ግን አትላንቲክን ተሻግሮ ነው ያለው። አባቴ የታመመ ጊዜ ገንዘቡ ከእኔ ስልክ ወደ ወንድሜ እጅ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። እኔ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ገንዘቡ አላነሰም ነበር።

ገንዘብ አትላኩ ማለቴ አይደለም፤ ይላክ። ነገር ግን ስንልክ አብረን እንጠይቅ፦ እዚህ ቤት የጎደለው ብዛት ነው ወይስ ቅርበት? ቅርበት ከሆነ የምናውቃቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ሽቦውን ማሳጠር፣ ማለትም መሄድ። የሚፈለገውን ሰውና ዕውቀት እዚያው ማኖር፣ ማለትም ከመሣሪያው ጋር ጠጋኙንም ማሠልጠን። ሁለቱም ካልሆኑ ጥበቃውን አውቆ ሥራን በዚያ ልክ ማደራጀት።

እኔ ዘንድሮ የዓመት ዕረፍቴን አጠራቅሜ ሁለት ወር አዲስ አበባ ልከርም ወስኛለሁ። እስከዚያው ድረስ እሑድ ስደውል ዘዴ አበጅቻለሁ። እማዬ ተናግራ ስትጨርስ አንድ ትንፋሽ ያህል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ፣ ከመለስኩም በኋላ እንደገና እጠብቃለሁ። መዘግየቱ እዚያው አለ። አሁን ግን አንደራረብም።

ቸር ይግጠመን።